የጦርነቱ ዓመት ዶላር

ጋርኔት ሲቦልት ጓደኛውን ዌንደል ትራመልን የሚያስታምመው ለነፍሱ ብሎ እንደሆነ በዳሎኔጋ ከተማ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ፓስተሩ በስብከታቸው መሐል ስሙን አንስተው ያውቃሉ። ማደያው በር ላይ ቡና የሚጠጡት ሽማግሌዎችም «እንዲህ ያለ ጓደኛ ዛሬ የት ይገኛል» ይላሉ። ጋርኔት ራሱ፣ መጀመሪያ ላይ፣ እንደዚያው ነበር የሚያምነው።

ጠዋት ዶሮዎቹን ያበላል፤ ሌሊቱን የሞቱትን ለቅሞ ያወጣል፤ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠብና በፒክአፑ ኮረብታውን ወርዶ የዌንደልን የጓሮ በር ይከፍታል። የበቆሎ ገንፎ ይሠራል፣ እንቁላል ይጠብሳል፣ ሽማግሌውን ከአልጋው ያነሳል።

«ማነህ?» ይለዋል ዌንደል፣ ቀኑ መጥፎ ከሆነ።

«የዶሮው ጌታ ነኝ።»

«ትሸታለህ።»

«አንተም የሽቶ ሱቅ አይደለህም፣ ሚስማሩ። ተነስ፣ እግርህን አውርድ።»

ሚስማሩ የሚለው፣ ዌንደል ከተማው አደባባይ ላይ ዕድሜ ልኩን ሚስማርና ቀለም፣ ማጠፊያና ቧንቧ ሲሸጥ ስለኖረ ነው። ሱቁ ከተሸጠ ቆይቷል፤ አሁን ለጎብኚ ከረሜላ ይሸጥበታል። ቀኑ ጥሩ ሲሆን ዌንደል በስድቡ ይስቃል፣ ጺሙን ሲላጩት ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ዝናብ ይጥል እንደሆነ ይጠይቃል። የመርሳት በሽታው እንዲህ ነበር፤ አንድ ቀን ሰውየውን ይመልሰዋል፣ በማግስቱ ይወስደዋል። ሚስቱ ላቨርን ቀድማው ሞታለች። ያለችው አንድ ልጅ ትዋይላ የምትሠራው አትላንታ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ በሌላው ቀን ከሥራ ስትወጣ ትደውላለች።

«አጎቴ ጋርኔት፣ ክኒኑን ዋጠ?»

«ዋጠ፣ የኔ ልጅ።»

«እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ሁለቱን ሰዎች ያወዳጃቸው ወርቅ ነው። በቅድመ አያቶቻቸው ዘመን ከዚያ አገር ወንዞች ወርቅ እየታጠበ ይወጣ ነበር። መንግሥትም ከተማዋ ውስጥ የገንዘብ መምቻ ቤት አቁሞ የወንዙን ወርቅ እዚያው ሳንቲም ያደርገው ነበር። ከሳንቲሞቹ ሁሉ ትንሿ የአንድ ዶላሯ ናት፤ ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም፤ ጀርባዋ ላይ ካለው የቅጠል ጉንጉን ሥር የከተማዋ ስም የመጀመሪያ ፊደል ተቀርጾባታል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1849 እስከ 1861 በየዓመቱ ተመታች። የየዓመቱን አንድ አንድ የያዘ ሰው አሥራ ሦስት ይኖረዋል፤ አሥራ ሦስቱንም የያዘ ሰው ግን በአገሩ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው።

የመጨረሻዋ የ1861ዷ፣ የሰሜንና የደቡብ ጦርነት የተጀመረበት ዓመት ናት። የደቡብ ሰዎች መምቻ ቤቱን ነጥቀው፣ ሥራውን በቅጡ ሳይለምዱት የመቷት ናት። ስንት እንደመቱ የጻፈ የለም። ከአገሩ ስም «የተባበሩት» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዋ ፊደል ደብዝዛ በግድ ነው የምትታየው፤ ሰብሳቢዎች በዚያ ይቀልዳሉ፤ በዚያ ዓመት ቃሉም መተባበሩን ጠልቶት ነበር እያሉ።

ጋርኔትና ዌንደል ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ቅዳሜን በዚህ ነበር የሚያሳልፉት። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ ለጥፈው፣ በአንዲት የጠርዝ ጭረት ይከራከራሉ።

«የእኛ አገር ወርቅ ትንሽ አረንጓዴ ትላለች» ይላል ዌንደል።

«አረንጓዴው መስኮትህ ነው፤ ከገዛኸው ጀምሮ አላጠብከውም።»

ጋርኔት ዋልነት ከሚባል ጠንካራ እንጨት ራሱ የፈለፈለው የሳንቲም ሰሌዳ አለው፤ አሥራ ሦስት ክብ ጎድጓዳ። አሥራ ሁለቱ ሞልተዋል። አሥራ ሦስተኛዋ የዌንደል ነበረች፤ እንዴት የእሱ እንደሆነች ደግሞ ጋርኔት አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም የዶሮ መኖ በጭነት መኪና ሲያዞር፣ ወንዙ ማዶ የምትኖር ወይዘሮ ቻስቴይን የምትባል መበለት ጠራችው። ከሟች ባሏ የልብስ ቁልፍ ማጠራቀሚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያገኘችውን በመዳፏ ዘርግታ «ይቺ ነገር ትረባለች?» አለችው። ጋርኔት መነጽሩን አውጥቶ ሲያያት ያቺው የ1861ዷ ነበረች። ሴትየዋን አላታለላትም፤ ምን እንደያዘች ነገራት፣ ዋጋዋም ብዙ እንደሆነ ነገራት። ላስብበት ብሎ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ዊዳ ከክፍል ክፍል ባልዲ እያዞረች ከጣሪያው የሚያፈሰውን ውሃ ስትቀበል አገኛት።

«ወርቅ?» አለች ዊዳ። «ራሳችን ላይ ጣሪያ ሳይኖር ወርቅ? በል፣ ይቺን ባልዲ ድፋ!»

በማግስቱ ቁርስ ላይ ለዌንደል ነገረው። ለሌላ ለማን ይንገር? ነገሩ አላስቀምጥ ብሎት ነበር። «ዊዳን ትንሽ ላለሳልሳትና እገዛታለሁ» አለው። ዌንደል ራሱን ነቀነቀ፣ የሁለቱንም ቡና ከፈለ፣ ወደ ሱቁ ሄደ። ቅዳሜ ሲገናኙ ዶላሯ የዌንደል ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች።

«አንተ እኮ አልገዛም አልክ!» አለ ዌንደል፣ ፊቱ እንደ ልጅ እያበራ።

«ሴትየዋን ላስብበት ነው ያልኳት።»

«ያው ነው። አንተ ስታስብ አንዱ የአትላንታ ነጋዴ ላፍ ያደርጋት ነበር። እዚሁ ቀረችልን፤ አይሻልም? ደግሞ ስሞት ቀዳሚው አንተ ነህ፤ ላንተ እንጂ ለሌላ አትሸጥም። ለትዋይላ እነግራታለሁ።»

ጋርኔት ሳቀ። እጁን ጨበጠው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳውም፤ ቅዳሜም አልቀረም። ነገር ግን ዌንደል ያቺን ዶላር በሁለት ጥፍሮቹ መሐል ይዞ ወደ ብርሃኑ ባዞራት ቁጥር ጋርኔት ፊቱን ወደ በሩ ያዞር ነበር።

በሽታው ሲጀምረው ዌንደል ባንክ አላምን አለ። አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር ሄደና ሳጥኑን አስከፍቶ የራሱን አሥራ ሦስት ዶላሮች ሁሉ ይዞ ወጣ። የት እንዳኖራቸው ግን በነጋታው ራሱም አያውቅም። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ትዋይላ ጋርኔትን ወደ ጓሮው ወሰደችው፤ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ሳንቲሞቹ የሉም፣ አጎቴ ጋርኔት። ሌባ ገብቶ ይሆን?»

«እዚሁ ናቸው። ቤቱ ውስጥ ናቸው። አባትሽ እንደ ሽኮኮ ነው፤ የደበቀውን እሱም አያገኘውም።»

«ይፈልጉልኝ፤ እርስዎ ነዎት ጠባዩን የሚያውቁት። የስልሳ አንዷን ለእርስዎ እንድሸጥ ነግሮኛል፤ አልረሳሁትም።»

ጋርኔት መጀመሪያ እንደ ዘመድ ፈለገ፣ በኋላ እንደ ሌባ። የዱቄቱን ጣሳ በጣቱ ማሰ። የግድግዳውን ሰዓት ፈታ። የሚንቋቋውን የወለል ጣውላ ሁሉ ነቅሎ መልሶ መታ። የአጋዘን ሥጋ ከበረዶ ሣጥኑ እያወጣ ሥሩን ዳበሰ። የላቨርንን ቁም ሣጥን ግን ከፍቶ ቀሚሶቿን ሲያይ፣ ሽታዋም ገና እንዳለ ሲሰማው፣ ሐፍረት ያዘውና ዘጋው።

ቤቱ አልናገር ሲለው ሰውየውን ያዘ።

«ዌንደል፣ ወርቆቹን የት አደረግካቸው?»

«ሱቅ ውስጥ።»

«ሱቁ ተሸጧል።»

«ማን ሸጠው?» ይልና ዌንደል እንደ አዲስ መርዶ ያለቅሳል። ጋርኔት ያባብለዋል፣ አፍንጫውን ይጠርግለታል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ይጠይቀዋል።

ሐኪሙ ያዘዘለት ክኒን ነበር። ከሰዓት በኋላ መንፈሱ እየታወከ ከቤት ልውጣ ስለሚል፣ ምሳውን በልቶ ይውጠዋል፤ ይተኛል። ሲነቃ ድንዝዝ ይላል። አንድ ቀን ጋርኔት ረስቶ ሳይሰጠው ቀረ። ያን ቀን ዌንደል ጠረጴዛው ላይ ክርኑን አስደግፎ እንደ ጥንቱ አወራ። መበለቲቱን አስታወሰ፣ የቁልፍ ቆርቆሮውን አስታወሰ፣ የመኪናውን መንገድ ያጠበውን ዝናብ ሳይቀር።

«ተናደህብኝ ነበር» አለው በድንገት።

«አልተናደድኩም።»

«ተናደህ ነበር እንጂ። ውሸታም። ቅዳሜ ስትስቅ ጥርስህ ብቻ ነበር የሚስቀው።» ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ «እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። እመልስለታለሁ ብዬ... ቦታዋን ቀይሬያታለሁ፣ እንዳይወስዷት...»

«የት ነው የቀየርካት?» አለ ጋርኔት ወንበሩን አስጠግቶ።

ዌንደል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ በመስኮቱ ወፍ አየና ሐሳቡ ወፏን ተከትሎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኑ ከጠርሙሱ አልወጣም። ጋርኔት ለራሱ ምክንያት አላጣም። መድኃኒቱ ነው የሚያደነዝዘው፤ ያለሱ ሰው ይመስላል፤ ለእሱም ይሻለዋል። ትዋይላ ስትደውል «ዋጠ፣ የኔ ልጅ» ማለቱን ቀጠለ፤ ቅዳሜ ስትመጣም ቀድሞ እንደሰጠው ይነግራታል። ውሸቱ መጀመሪያ ከበደው፤ በኋላ እንደ ሰላምታ ሆነ። ዌንደል ግን እየከሳ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን ሲዞር ይውላል፣ የበር እጀታ ይሞክራል፣ የሌለ ደንበኛ ይጣራል። ጋርኔትም ከኋላው እየተከተለ ይጠይቃል።

ጥር ሲጋመስ ሰማዩ ዝቅ ብሎ በረዶ አረገዘ። ያን ቀን ዌንደል ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም፤ የጋርኔትም ትዕግሥት አለቀ። ሽማግሌው ጠረጴዛውን ሲዞር የእጁን አንጓ ጨምድዶ አስቆመው።

«ቁም! ልጅ አይደለህም። የት ነው ያለችው? አንተ ሌባ፣ የት አደረግካት?»

ሠላሳ ዓመት አፉ ውስጥ የከረመው ቃል ነው የወጣው። ዌንደል ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«አትቆጣኝ» አለ። «አመጣልሃለሁ። አትቆጣኝ፣ አመጣልሃለሁ።»

ጋርኔት ለቀቀው። በአንጓው ላይ የጣቶቹ ምልክት ቀርቶ ነበር። ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣለለት፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተለት። ዊዳ ደውላ የአንደኛው ዶሮ ቤት ማሞቂያ መጥፋቱን ነገረችው፤ መሄድ ነበረበት። እግረ መንገዱን የመድኃኒቱን ጠርሙስ አየው። እጁንም ዘረጋ። ቢውጠው ይተኛ ነበር። ነገር ግን ስመለስ ይነግረኛል ብሎ አሰበ፤ ደግሞም ጸጸት ቢጤ ይዞት ስለነበር በለስላሳ ልጠይቀው ብሎ ነው ያሰበው። ጠርሙሱን ትቶት ወጣ።

ጫጩቶቹ ብርዱን ሸሽተው ጥግ ላይ እየተደራረቡ ይታፈኑ ነበር። እነሱን በትኖ ማሞቂያውን እስኪያስነሳ ብርሃኑ ሄደ። ወደ ዌንደል ቤት ሲመለስ የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በረዶ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ገብቷል።

የከተማው ፖሊስ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ ውሻ መጣ። ጋርኔት ከሁሉም ፊት ሆኖ ድምፁ እስኪዘጋ ተጣራ። ያገኙት ሲነጋ ነው፤ ከአሮጌ ሱቁ ጀርባ፣ ጅረቱ ዳር፣ የሌሊት ልብሱን ለብሶ፣ አንድ እግሩ ላይ የጎማ ቦት ጫማ አድርጎ። የሱቁን የጓሮ በር ቧጥጦ ቧጥጦ ጥፍሩ ተልጧል። የከረሜላ ሻጮቹ በበረዶው ምክንያት ቀደም ብለው ዘግተው ስለነበር የሰማው አልነበረም።

ለቀብሩ ከተማው ሁሉ ወጣ። ሰው የተጋገረ ዶሮና የድንች ሰላጣ እየያዘ መጣ፤ የመጣም ሁሉ የጋርኔትን እጅ ሳይጨብጥ አልሄደም። «የምትችለውን አድርገሃል» አሉት። «ወንድም አይሠራውም።» እሱም «ተመስገን» እያለ፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ ቆመ። ትዋይላ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

የካቲት ውስጥ ደወለችለት። «ይምጡ» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ሦስቱ ዶላሮች በትንንሽ የፕላስቲክ ማቀፊያቸው ተደርድረዋል። አጠገባቸው የመድኃኒቱ ጠርሙስ።

«የእናቴ የክረምት ቦት ጫማ ውስጥ ነው ያገኘኋቸው» አለች። «በካልሲ ጠቅልሎ። ይቀመጡ፣ አጎቴ ጋርኔት።» ጠርሙሱን ገፋ አደረገችለት። «ይሄ ለምን አላለቀም?»

«አንዳንዴ እምቢ ይል ነበር።»

«ስደውል ዋጠ ይሉኝ ነበር።»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«ለገና የተሞላ ጠርሙስ ነው። አንድ ፍሬ የተነካ አይመስልም።»

ሌላ ውሸት ምላሱ ላይ ደርሶለት ነበር። ግን ደከመው።

«ከዋጠ በኋላ አይናገርም» አለ።

«ምን እንዲናገር?»

ዓይኑ ሳያስፈቅደው ወደ ዶላሮቹ ሄደ፤ ከአሥራ ሦስቱ መሐል ያቺን ለመለየት ጊዜ አልፈጀበትም። ትዋይላ ዓይኑን ተከትላ አየች። ደም ከፊቷ ሲሸሽ ታየው።

«እጁ ላይ ሰንበር ነበር» አለች። «ሐኪሙ ወድቆ ይሆናል አለኝ።»

«ትዋይላ፣ የኔ ልጅ...»

«ምን አልከው?»

አጎቴ ማለቱ ቀረ፤ አንቱታውም ቀረ።

«ሌባ አልኩት።»

«እሱስ?»

«አትቆጣኝ፣ አመጣልሃለሁ አለኝ።»

ትዋይላ ተነስታ ወደ ቧንቧው ሄደች። ውሃውን ከፈተችው፤ መልሳ ዘጋችው። ስትመለስ የስልሳ አንዷን አንስታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ውሰዳት።»

«አልወስድም።»

«ትወስዳታለህ። አባቴ ሊያመጣልህ ወጥቶ ነው የሞተው። መንገዱን እኔ ልጨርስለት።»

«ሽጫት፣ ስለ እግዚአብሔር። ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ...»

«አልሸጣትም፣ ቤቴም አትገባም። ኪስህ ክተታትና ውጣ። ለሰው አልናገርም፤ አትፍራ። እዚህ ከተማ አንተ በተመሰገንክ ቁጥር የአባቴ ስም አብሮ ይነሳል። ያንን አልነጥቀውም።»

ጠረጴዛው ላይ ትቷት መሄድ ይችል ነበር። በኋላ ብዙ ጊዜ ይህን አስቧል፤ በሩ ክፍት ነበር፣ የሚይዘውም አልነበረም። እጁ ግን ቀደመው።

ቤት ሲገባ ዊዳ ድንች ትልጥ ነበር።

«አገኘቻቸው?»

«አገኘች።»

«እና?»

ዶላሯን ልጣጩ አጠገብ አኖራት። ዊዳ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች።

«ሰጠችህ? እንዲያው ዝም ብላ? ትባረክ! ለዚች ነው እንዴ ሠላሳ ዓመት ያለቀስክላት? ከአተር አትበልጥም እኮ!» ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ጠፋና ጀርባውን ዳበሰችው። «ያን ቀን በባልዲው ነገር ከልክዬህ፣ ሲቆጨኝ ነው የኖረው። አንድም ቀን አልወቀስከኝም። ጥሩ ሰው ስለሆንክ ነው። እግዚአብሔር አየልህ።»

ጋርኔት ዶላሯን ከእጇ ተቀብሎ ኪሱ ከተታት።

ቅዳሜ ብቻውን ተቀምጦ ሰሌዳውን ዘረጋና አሥራ ሦስተኛው ጎድጓዳ ውስጥ አስገባት። ልክ ገባች። መነጽሩን አድርጎ አያት። ደብዛዛዋ ፊደል አለች፤ የተቀረጸችው ሴት ጉንጭ ላይ የሚያውቃት ጭረት አለች፤ ወርቁ እውነትም ትንሽ አረንጓዴ ይላል። ደስታውን ጠበቀው። የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ ማቀዝቀዣው አንጎራጎረ፤ ሌላ የመጣ ነገር አልነበረም። ሰሌዳውን በጨርቅ ሸፍኖ ከአልጋው ሥር ገፋው።

በፀደይ የዊዳ ወንድም ኦዴል ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሶ ግማሽ አካሉ ተያዘ። ሚስት የለውም፤ ልጆቹም ሩቅ ናቸው። ቤተሰቡ ለመምከር ሲሰበሰብ የሁሉም ፊት ወደ አንድ ሰው ዞረ።

«ጋርኔት አለ አይደል?» አሉ። «እሱ ያውቅበታል።»

እምቢ ለማለት ምክንያት መናገር ያስፈልጋል። ጋርኔት ባርኔጣውን ካንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረና እሺ አለ።

ኦዴል ዕድሜውን እንጨት መሰንጠቂያ ቤት የጨረሰ ቁጡ ሰው ነው። እግሩ ቢሞትም ምላሱ አልሞተም። በየቀኑ ምሳውን እንደበላ ጋርኔት ክኒኑን በመዳፉ፣ ውሃውን በብርጭቆ ይዞ አልጋው አጠገብ ይቆማል፤ እስኪውጥም አይንቀሳቀስም፤ አፉን አስከፍቶ ከምላሱ ሥር ሳይቀር ያያል።

«ምን ታፈጣለህ?» አለው ኦዴል አንድ ቀን። «ዋጥኩት አልኩህ! ደግሞ ውሃው ሞቋል። ከዶሮዎችህ አንዱ መሰልኩህ? ቀዝቃዛ አምጣ!»

ጋርኔት ብርጭቆውን ተቀብሎ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ቧንቧውን ከፈተ፤ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጣቱን ሥሩ አድርጎ ቆሞ ጠበቀ።